ስሙ ተለውጦ የደረሰ ሰነድ
በኢሜይል የሚላኩ ፋይሎች ለምን ሌላ ስም ይዘው ይደርሳሉ? መፍትሔውስ ምንድን ነው?

አንድ የመርካቶ አስመጪ ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶለታል እንበል። ኢንቮይሱን፣ የዕቃውን ዝርዝርና ለትራንዚተሩ የሰጠውን ውክልና ስካን አስደርጎ በኢሜይል ይልካል። የመጨረሻውን ፋይል ‹‹የጉምሩክ ውክልና ደብዳቤ›› ብሎ ሰይሞታል። ትራንዚተሩ መልእክቱን ሲከፍቱ ግን ያ ስም የለም። በቦታው ‹‹ኖኔም›› የሚል፣ ማለትም ‹‹ስም የለሽ›› የተባለ ነገር ተቀምጧል። ቫይረስ መስሏቸው ሳይነኩት ያልፉታል። አስመጪው ‹‹ልኬያለሁ›› ይላል፤ ትራንዚተሩ ‹‹አልደረሰኝም›› ይላሉ። ስልክ ሲደዋወሉ ቀኑ ይመሻል። ኮንቴይነሩ ደግሞ በቆመበት የማቆያ ኪራይና ዲመሬጅ ይቆጥራል።

ሁለቱም አልዋሹም። ሰነዱ ተልኳል፤ ሰነዱ ደርሷል። ያልደረሰው ስሙ ነው።

ይህ ዓይነቱ ችግር አስመጪና ላኪዎችን፣ የሒሳብ ባለሙያዎችን፣ የጨረታ ተወዳዳሪዎችንና የባንክ ደንበኞችን ሁሉ የሚነካ ነው። በኢኮኖሚክስ ‹‹የግብይት ወጪ›› ከሚባለው ውስጥ የሚመደብ ሲሆን፣ በዕቃው ላይ አንዳች ጥቅም ሳይጨምር ከነጋዴው ኪስ የሚወጣ ገንዘብና ጊዜ ማለት ነው። ወጪው ደግሞ በአመዛኙ ሊቀር የሚችል ነው። ለዚህም በመጀመሪያ ስሙ የት እንደሚጻፍና የት ላይ እንደሚለወጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካርቶኑና ጽሑፉ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኢሜይል አባሪን ስም ግን የሚያወጣው ላኪው ነው፤ በመንገድ ላይ ሊለውጡት የሚችሉት ደግሞ ብዙ ናቸው።

በተለምዶ አታችመንት የሚባለው አባሪ ፋይል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ይዘቱ ነው። ይህም ኢሜይል ሊሸከመው ወደሚችል የፊደልና የአሃዝ ድርድር ተለውጦ ይጓዝና ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁለተኛው ስሙ ነው። እሱ የሚጻፈው ከይዘቱ በላይ በሚገኝ ለብቻው በሆነ መስመር ላይ ነው። በጭነት መኪና የሚላክ ካርቶንና በካርቶኑ ላይ በማርከር የሚጻፈው የባለቤቱ ስም ማለት ነው። ማርከሩ በዝናብ ቢጠፋ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ጨርቅ አይጠፋም። ችግሩ ተረካቢው ካርቶኑ የማን እንደሆነ አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ስሙ ተለውጦ የደረሰ ፋይል በአብዛኛው የተበላሸ ፋይል አይደለም። ይህን ባለመረዳት ያንኑ ሰነድ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መላክ መፍትሔ አይሆንም። ጽሑፉን ያጠፋው ምክንያት እስካልተወገደ ድረስ አምስተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆኖ ይደርሳል።

አማርኛ ያልታሰበበት ደንብ

የችግሩ ሥር ያለው በደንቡ ታሪክ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል አጻጻፍ ደንብ የሚያውቀው 128 ምልክቶችን ብቻ ነበር። እነሱም የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አሃዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና ጥቂት የመሣሪያ ትእዛዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ናታንየል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ የተባሉ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ማይም የተባለው ደንብ ኢሜይል ፎቶግራፍ፣ ድምፅና ሰነድ እንዲሸከም አስቻለው። ይዘቱ በዚህ መንገድ መላ ሲገኝለት የስሙ ጉዳይ ግን እስከ 1997 ቆየ። በዚያ ዓመት ከእንግሊዝኛ ውጪ ያሉ ፊደላት በፋይል ስም ውስጥ የሚጻፉበት ደንብ ወጣ።

ይሁን እንጂ ያኔ ግዕዝ ገና በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ አልገባም ነበር። የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ነው። ከዚያ በፊት በአገር ውስጥ ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ሆኖ ይታይ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ደንቡን ሁሉም በእኩል አለማክበሩ ነው። የፋይል ስም በአማርኛ ሲሆን በሁለት ዓይነት መንገድ ተመስጥሮ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው በ1997 የጸደቀው ትክክለኛው መንገድ ነው። ሌላው በመሠረቱ ለኢሜይሉ ርእስ እንጂ ለፋይል ስም ያልተፈቀደ፣ ነገር ግን በርካታ ፕሮግራሞች በልማድ የሚጠቀሙበት ነው። ላኪው በአንዱ ጽፎ የተቀባዩ ፕሮግራም ሌላውን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ስሙ ይጠፋል።

ሦስተኛው ርዝመት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። በ1997ቱ ደንብ ሲመሠጠር ደግሞ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ሆሄ ስለሚሆን አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይወጣዋል። ‹‹የጉምሩክ ውክልና ደብዳቤ›› 13 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ ነው። ተመስጥሮ ሲጻፍ 123 ምልክት ይሆናል። በኢሜይል ውስጥ አንድ መስመር ከ78 ምልክት እንዳይበልጥ ስለሚመከር ስሙ ተቆራርጦ በሁለት ወይም በሦስት መስመር ይጻፋል። ቁርጥራጮቹን መልሶ መግጠም የማያውቅ ፕሮግራም ጨርሶ ይተዋቸዋል ወይም ግማሹን ብቻ ያነባል። ረጅም የአማርኛ ስም ከአጭሩ ይልቅ ለአደጋ የሚጋለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምልክቱ በሽታውን ማወቅ

የተለወጠው ስም ራሱ የት ላይ ስህተት እንደተፈጠረ ይናገራል። በየቢሮው በብዛት የሚታዩት ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በእኩልና በጥያቄ ምልክት የሚጀምርና በመካከሉ ‹‹ዩቲኤፍ-8›› የሚል የላቲን ጽሑፍ ያለበት ረጅም ድርድር፣ ወይም በፐርሰንት ምልክቶች የተሞላ ስም። ይህ ስሙ ሳይፈታ በምስጢር አጻጻፉ እንዳለ መድረሱን ያመለክታል። ይዘቱ ደህና ነው። ተቀባዩ ፋይሉን አስቀምጦ በራሱ ስም ሊሰይመው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በላይዋ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ‹‹ኤ›› በየሁለትና በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች የምትታይበት ዝብርቅርቅ ስም። ይህ የአማርኛ ዓይነተኛ ምልክት ነው። በዩኒኮድ የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት ሁሉ በአንድ ዓይነት ባይት ስለሚጀምሩና ያ ባይት በምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ሲነበብ ያቺን ፊደል ስለሚሰጥ ነው። የተቀባዩ ፕሮግራም በተሳሳተ ሠንጠረዥ አንብቧል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ፊደላቱ በሰረዝ ወይም በጥያቄ ምልክት የተተኩበት ስም። እዚህ ላይ በመንገዱ ያለ አንድ ሰርቨር ወይም ፕሮግራም የማያውቀውን ፊደል ጥሎታል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የሚለየው ስሙ ተመልሶ ሊገኝ አለመቻሉ ነው። ላኪውን ከመጠየቅ ሌላ አማራጭ የለም። የደብዳቤ ቁጥር ላይ የሚጻፈው እዝባርም በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ የተከለከለ በመሆኑ ከሌላ መሣሪያ የተላከ ከሆነ በሰረዝ ይተካል።

አራተኛ፣ ‹‹ኖኔም››፣ ‹‹አንታይትልድ›› ወይም ‹‹ኤቲቲ›› የሚሉ የላቲን ፊደላትና ከዚያ ‹‹00001›› የሚል ቁጥር። የተቀባዩ ፕሮግራም የስሙን መስመር አላገኘውም ወይም አልገባውም፤ ስለዚህ ራሱ ስም አወጣለት። የመጀመሪያው በጂሜይል፣ የመጨረሻው በአውትሉክ የተለመደ ነው። አንዳንድ ጊዜ ‹‹ኤቲቲ›› የሚለው ሰነድ ሳይሆን ከአባሪው በታች የተጻፈ የላኪው ፊርማ ወይም ባዶ ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ ‹‹ዊንሜይል ዳት›› የሚባለው ፋይል። ይህ ከአማርኛ ጋር ግንኙነት የለውም። ላኪው በአውትሉክ ‹‹ሪች ቴክስት›› በሚባለው አጻጻፍ ሲልክ ፕሮግራሙ አባሪዎቹን ሁሉ ማይክሮሶፍት በሚያውቀው ጥቅል ውስጥ ያስራቸዋል። ተቀባዩ ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀም ከሆነ ሦስት ሰነድ ተልኮለት የሚያየው አንድ የማይከፈት ፋይል ነው። መድኃኒቱ ያለው በላኪው እጅ ነው። በአውትሉክ የምርጫ ክፍል ውስጥ በሜይል ሥር፣ ወደ ውጭ የሚላኩ መልእክቶች ወደ ኤችቲኤምኤል እንዲለወጡ ማዘዝ ነው። ችግሩ በሁሉም ሠራተኛ ላይ ከታየ የድርጅቱ ሰርቨር አስተዳዳሪ በአንድ ጊዜ ሊያስተካክለው ይችላል።

ስድስተኛ፣ በስሙ ጫፍ ላይ በቅንፍ ‹‹1›› ወይም ‹‹2›› የሚል ቁጥር መጨመር። ይህን የሚያደርገው ኢሜይሉ ሳይሆን የተቀባዩ ብራውዘር ነው፤ በዚያ ስም ሌላ ፋይል ቀድሞ ስለተቀመጠ ነው። ቀላል ቢመስልም በገንዘብ ረገድ አደገኛው ይኸው ነው። አቅራቢው ዋጋ አስተካክሎ ‹‹ፕሮፎርማ›› የሚለውን ፋይል በዚያው ስም ድጋሚ ሲልክ አዲሱ ‹‹ፕሮፎርማ (1)›› ሆኖ ይቀመጣል። ሒሳብ ሠራተኛው ቁጥር የሌለበትን ቢከፍት በአሮጌው ዋጋ ክፍያ ያዘጋጃል።

የ‹‹ዓ.ም›› ነጥብ

በአማርኛ ቢሮዎች ብቻ የሚታይ አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ኮምፒዩተር የፋይሉን ዓይነት የሚለየው ኤክስቴንሽን በሚባለው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ባለው ማብቂያ ነው። ፒዲኤፍ፣ ወርድ ወይም ኤክሴል መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። ‹‹የኪራይ ውል 2017 ዓ.ም›› ተብሎ የተሰየመ ፋይል በመንገድ ላይ ማብቂያውን ካጣ የመጨረሻው ነጥብ በ‹‹ዓ›› እና በ‹‹ም›› መካከል ያለው ይሆናል። ዊንዶውስም ‹‹ም›› የሚባል የፋይል ዓይነት እንደማያውቅ ገልጾ በምን እንደሚከፍተው ይጠይቃል። ሰነዱ ግን ምንም አልሆነም።

ቁጥሩም ራሱ ያሳስታል። ‹‹2017›› ለአዲስ አበባው ሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የጀመረው ዓመት ነው። ለዱባዩ አቅራቢ ግን ብዙ ዓመት ያለፈበት ሰነድ ነው።

ተቀባዩ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው እርምጃ መደወል ነው። ላኪው ስንት ፋይል፣ ምን ዓይነትና በግምት ምን ያህል መጠን ያለው እንደላከ ይጠየቃል። መጠኑ ተቀራራቢ ከሆነ ይዘቱ ደርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ያንኑ መልእክት በሌላ መንገድ መክፈት ነው። በአውትሉክ የተበላሸው ስም በብራውዘር ወይም በስልክ ትክክል ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የተቀባዩ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙን ማደስ ይበቃል። በሁሉም ቦታ ከተበላሸ ላኪው ‹‹የተላኩ›› በሚለው ክፍል ያለውን የራሱን ቅጂ ይመልከት። እዚያ ደህና ከሆነ የተለወጠው በመንገድ ላይ ነው፤ እዚያም ከተበላሸ የላኪው ፕሮግራም ነው ሊጠየቅ የሚገባው። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ወገኖች ከመወቃቀስ ይድናሉ።

ሦስተኛው ማብቂያው ለጠፋበት ፋይል ነው። ቅጂውን በኖትፓድ ከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ምልክቶች ማየት ይቻላል። የፒዲኤፍ ሰነድ በፐርሰንት ምልክትና ‹‹ፒዲኤፍ›› በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። የዘመኑ የወርድና የኤክሴል ሰነዶች እንዲሁም የዚፕ ጥቅሎች ‹‹ፒኬ›› በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራሉ። ዓይነቱ ከታወቀ በስሙ መጨረሻ ነጥብና ትክክለኛውን ማብቂያ መጨመር ነው። በኖትፓድ የተከፈተውን ግን መልሶ ማስቀመጥ አይገባም፤ ያኔ ይዘቱ በእርግጥ ይበላሻል።

ጥንቃቄ የሚሻው ጎን

እስካሁን የተባለው ሁሉ ላኪው የታወቀ ሲሆን ነው። ያልተለመደ ስም ያለው ፋይል ሁሉ ግን የዋህ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በዓለም ላይ ከፍተኛ ጉዳት ያደረሰው ‹‹አይ ላቭ ዩ›› የተባለው ቫይረስ የተሠራጨው በፋይል ስም ማታለል ነበር። ስሙ ተራ የጽሑፍ ፋይል መስሎ ይታይ ነበር። ትክክለኛውን የፕሮግራም ማብቂያ ግን ዊንዶውስ በልማዱ ደብቆት ነበር።

ልማዱ ዛሬም አልቀረም። ስለሆነም በእያንዳንዱ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የፋይል ማብቂያ እንዲታይ ማድረግ ተገቢ ነው። በዊንዶውስ 11 የፋይል ማሳያው ‹‹ቪው››፣ ቀጥሎ ‹‹ሾው›› በሚለው ሥር ይገኛል። ኢንቮይስ ተብሎ መጥቶ ማብቂያው የፕሮግራም ከሆነ መክፈት አይገባም። የስልክ ጥሪውም በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር መሆን አለበት። ‹‹የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል›› ከሚል መልእክት ጋር የመጣ ፋይል ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው በእጥፍ ይጨምራል።

ላኪው ምን ያድርግ?

ከሁሉም የረከሰው መፍትሔ በላኪው በኩል ያለው ነው። ከድርጅቱ ውጪ ለሚላክ ሰነድ ስሙን በላቲን ፊደል፣ በአሃዝና በሰረዝ ብቻ መጻፍ፣ አጭር ማድረግ፣ እዝባርና ነጥብ አለማስገባት ከላይ የተዘረዘሩትን አብዛኞቹን ያስቀራል። የድርጅቱ አጭር ስም፣ የሰነዱ ዓይነት፣ ቁጥሩና ቀኑ በዚህ ቅደም ተከተል ቢቀመጡ ይበቃል። ቀኑ ‹‹2025-03-14›› በሚል ዓይነት ዓመቱን አስቀድሞ ቢጻፍ ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ይደረደራሉ። በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነም በሁለት ፊደል ማመልከት ነው። የተሻሻለ ሰነድ ሲላክ የእትሙ ቁጥር በስሙ ውስጥ ይግባ፤ ያኔ ‹‹ፕሮፎርማ (1)›› የሚለው ግራ መጋባት አይኖርም።

የአማርኛው ርእስ ሙሉውን በሰነዱ ውስጥና በኢሜይሉ ጽሑፍ ውስጥ መጻፍ አለበት። በተጨማሪም የአባሪዎቹ ብዛትና ዝርዝር በኢሜይሉ ውስጥ ቢጠቀስ፣ ማለትም ‹‹3 ፋይል አባሪ ተደርጓል፤ እነሱም…›› ቢባል፣ ስሙ ቢጠፋ እንኳ ተቀባዩ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ድሮ በደብዳቤ ግርጌ ‹‹አባሪ 3 ገጽ›› ይባል የነበረው ለዚሁ ነበር። ሰነዶችን በዚፕ ጠቅልሎ መላክም ይቻላል፤ ሆኖም በጥቅሉ ውስጥ ያሉት የአማርኛ ስሞች በአሮጌ ፕሮግራም ሲፈቱ ሊዝበረቀረቁ ስለሚችሉ የውስጦቹም ስም እንደ ውጪው ይሁን።

ይህ ማለት ግን አማርኛ ከፋይል ስም ለዘለቄታው ይባረር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ደንብ የየትኛውም ቋንቋ ፊደል በኢሜይል ራስጌ ላይ ሳይመሠጠር እንዲጻፍ ይፈቅዳል። የታደሱ ፕሮግራሞችም በሁለቱም ወገን ሲኖሩ የአማርኛ ስም በአብዛኛው ሳይነካ ይደርሳል። ስለዚህ በቢሮ ውስጥና ፕሮግራማቸው በተፈተነ ደንበኞች መካከል በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ አንድ ፋይል በአማርኛ ሰይሞ ለሁለት የተለያዩ የኢሜይል አድራሻዎች መላክና እንዴት እንደደረሰ ማየት ነው። የጨረታ ሰነድ ለማስገባት አንድ ሰዓት ሲቀር ግን የሚፈተንበት ጊዜ አይደለም።

ወደ ሞጆው ኮንቴይነር ስንመለስ፣ ትራንዚተሩ ‹‹ኖኔም›› የሚለውን ከማለፋቸው በፊት ቢደውሉ፣ አስመጪውም ‹‹3 ፋይል ልኬያለሁ›› ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። በካርቶኑ ላይ ስም ለመጻፍ የሚበቃው አንድ ማርከር ነው፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የኮንቴይነሩን የማቆያ ኪራይ የሚከፍለው ያው ባለ ዕቃው ነው።